ላልሞተ ሰው የተሰናዳ መርዶ

ጣልያንኛ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ አማርኛ እያለህ ምን አዞረህ የሚለኝም አለ። መልሴ አጭር ነው፤ ሌላ መጽሐፍ አላገኘሁም። አዳማ ውስጥ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው ከሚሸጡት ከአንዱ ዘንድ ያገኘሁት ብቸኛ የጣልያንኛ መማሪያ የተጻፈው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነበር። እኔ ደግሞ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። በአንድ የግል ትምህርት ቤት ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል ልጆች ሰዋስው አስተምራለሁ። በሰፈርም በትምህርት ቤትም ስሜ ቲቸር ነው፤ እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መጽሐፉ ያናድደኝ ነበር። ጠረጴዛ ወንድ፣ ወንበር ሴት መሆናቸውን ለእንግሊዞች ለማሳመን ገጽ በገጽ ላይ ይደረድራል። እኛ ፀሐይዋ ወጣች፣ መኪናዋ ተበላሸች እያልን ለኖርን ሰዎች ምኑ ይደንቃል? ለማታውቀው ሰውና ለታላቅ የሚነገርበት አክብሮት የተለየ መሆኑንም እንደ ትልቅ ምሥጢር ይገልጣል። «ይህ መጀመሪያ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል» ይላል። እኔን ምን ግራ ያጋባኛል፤ አፌን ከፈታሁ ጀምሮ አንተንና እርስዎን ስለይ ነው የኖርኩት። ያስቸገሩኝ በየስሙ ፊት የሚገተሩት፣ ኢልና ላ የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ነበሩ። መጽሐፉ ግን እነሱን እንግሊዞቹ ከቤታቸው ያውቋቸዋል ብሎ አልፏቸዋል። እንዲህ የማውቀውን እያስረዳኝ፣ የማላውቀውን እየዘለለኝ አብረን ገፋን። ዓላማዬ ጣልያን አገር ሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር ነፃ የትምህርት ዕድል ማግኘት ነበር።

ብቻዬን አልነበርኩም። ናትናኤል የሚባል የጎረቤታችን ልጅ አብሮኝ ያጠና ነበር። ናቲ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አስተናጋጅ ነበር፤ ቋንቋውን የወደደው እዚያ ከሚመጡ እንግዶች አፍ ሰምቶ ነው። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ አዳማ እናቱ ቤት ይመጣል፤ ከዚያ እኔ ግሥ ሳረባ፣ እሱ ቃል ሲለቅም እንውላለን። ግማሹን ቃል ደግሞ ጋራዥ አስቀድሞ አስተምሮናል፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ካቻቪቴ። «በዚህ ቋንቋ መኪና እንጂ ሰው መጠገን አይቻልም» እያለ ይስቃል። በእኔም ላይ ይስቃል።

«ቲቸር፣ አንተ ስሕተት ፈርተህ አፍህን አትከፍትም። እኔ ግን እየተሳሳትኩም ምሳ አበላቸዋለሁ» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። ሰዋስው እኔ ዘንድ ነበር፤ ቋንቋው እሱ ዘንድ።

ከዚያ እንግዳ ጠፋ፤ ሆቴሉ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ናቲም ከተቀነሱት አንዱ ሆነ። ጥቂት ሰነባብቶ አንድ ማለዳ ለእናቱም ለእኔም ሳይናገር ሄደ። ከሱዳን ደወለ። ከሊቢያም አንድ ጊዜ ደወለ፤ ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ ዝም አለ።

እናቱ እትዬ ዘነበች ይባላሉ። ዋናው መንገድ ዳር ባልዲ፣ ሳህን፣ ጀሪካን የሚሸጡባት ሱቅ አለቻቸው፤ ቤታቸው ከሱቁ ኋላ ነው። ባላቸው ሞተዋል። ጸሎተኛ ናቸው፤ ቸርች የሚቀሩበት እሑድ የለም። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ ጣል ያደርጋሉ፤ በተለይ ሲደሰቱና ሲጨነቁ። ናቲ ከጠፋ በኋላ ሱቃቸውን ይከፍታሉ እንጂ ደንበኛ ሲመጣ ከመቀመጫቸው አይነሡም ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው። የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ቲቸር፣ አንዲት ፈረንጅ ደጋግማ ትደውላለች። ናትናኤል፣ ናትናኤል ትላለች። ሌላው አይገባኝም። ና እባክህ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ታደሰ የበሩን ማጠፊያ ያስተካክላሉ። ጋሽ ታደሰ የቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚጠራው እሳቸው ናቸው። ሰላም ብያቸው ወደ ሳሎን ገባሁ። ሶፋው ላይ ገና ሳንቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የጣልያን ነበር።

«ፕሮንቶ» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእውነተኛ ጣልያን የተናገርኩት ቃል ነው።

ሴትዮዋ መዓት አወረደችብኝ። «ፒያኖ፣ ፔር ፋቮሬ» ብዬ ቀስ እንድትል ለመንኳት። እንግሊዝኛ እንሞክር ብላ ጀመረች፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ጣልያንኛ የባሰ ሆነ። ተመለስን። ፍራንቼስካ እባላለሁ፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ያለ ሆስፒታል ሐኪም ነኝ አለችኝ። አማርኛ አስተርጓሚ የሚገኘው ሰኞ ነው፤ እስከ ሰኞ ግን መጠበቅ አልችልም አለች። ናትናኤል የሚባል ወጣት ከባሕር አውጥተው አምጥተውላታል። ራሱን ሳይስት የእናቱን ቁጥር በቃሉ ነግሯታል።

«ተገኘ» አልኳቸው ወደ እትዬ ዘነበች ዞሬ። «ሆስፒታል ነው ያለው። ጣልያን ነው።»

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ኢልማ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከባሕር ወጣ በለኛ። ጌታ ይባረክ። ኢልማ ኮ፣ ኢልማ ኮ።»

ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ እኔ እጠይቃቸዋለሁ፣ መልሱን እመልስላታለሁ። ዕድሜው ስንት ነው? አስም ነበረበት? የማይስማማው መድኃኒት አለ? እትዬ ዘነበች በልጅነቱ ስለያዘው ወባ፣ አንዴ መቂ አክስቱ ጋ ከርሞ በሆድ ዕቃ ታሞ ስለመምጣቱ ሁሉ ተናገሩ። ከግድግዳው ፎቶግራፉን አውርደው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። እኔም ልደብቃችሁ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ስለተገኘ ብቻ አይደለም፤ የለፋሁበት ቋንቋ ሲሠራ አየሁ። አንድ ሰው ሲሲሊ ላይ ይናገራል፣ አዳማ ላይ አንዲት እናት ትሰማለች፤ መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

ሐኪሟ ጥያቄዋን ጨረሰች። ከዚያ «እናቱ አጠገብዎ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ፣ አጠገቤ ናቸው።»

«እንግዲያው የምልዎትን ይንገሯቸው። ጀልባው ውስጥ ነዳጅ ፈስሶ ተቀጣጥሎ ሰውነቱን አቃጥሎታል። ሳንባው ደግሞ ከእሳትም ከነዳጅም ተጎድቷል፤ መሥራት እያቆመ ነው። ዛሬን የሚያልፍ አይመስለኝም። በመድኃኒት አስተኝተነዋል፣ አያመውም። ግን እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ጆሮው ሊሰማ ይችላል። ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። እናቱ ያናግሩት። ግን አሁን ይሁን፣ ብዙ ጊዜ የለም።»

ሁሉም ገባኝ። ሳንባንና ቃጠሎን ከነገሩ ገመትኩ፤ ከሌላው አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። እናት፣ ልጅ፣ ዛሬ፣ ጆሮ፣ መስማት፤ ሁሉም የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ቃላት ነበሩ።

«ማል ጄቴ? ምን አለች?» አሉኝ እትዬ ዘነበች። ገና ፈገግ እንዳሉ ናቸው።

አፌ የተናገረውን ጭንቅላቴ አላዘዘውም። «መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ ደጅ ወጥቼ ላናግራት» አልኳቸው። ለሐኪሟ «ኡን ሞሜንቶ» አልኩና ስልኩን ይዤ ወጣሁ። ለምን ወጣሁ? እናንተም ብትሆኑ ትወጡ ነበር። ሞት ለእናት እንዲያው ደርሶ አይነገርም። መጀመሪያ ለወንድ ዘመድ ይነገራል፤ እሱ ሽማግሌ ይሰበስባል፤ የሩቅ ዘመድ ይጠራል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ፣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው በዙሪያዋ ቆሞ፣ መርዶ ይነገራታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። እግሬ ራሱ ወደ ጋሽ ታደሰ ወሰደኝ።

ነገርኳቸው። መዶሻቸውን መሬት ላይ አኖሩና የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀመጡ። ለትንሽ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሚጸልዩ መሰለኝ። ሲገልጡት ሌላ ሰው ሆነዋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው።

«ለእሷ ምን አልካት?»

«ምንም አላልኳቸውም።»

«ጎበዝ። እንዳትነግራት። ደህና ነው፣ እያከሙት ነው በላት። ሻሸመኔ ያለችው እህቷ ሳትደርስ አይሆንም። እኔ መጋቢውን አገኛለሁ። ነገ ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን።»

«ጋሼ፣ ገና አልሞተም እኮ።»

«አይድንም አላለችህም?»

«ብላለች። ግን አሁን ያናግሩት ነው የምትለው። ይሰማ ይሆናል ትላለች።»

«ስማኝ ልጄ። ባሏ የሞተ ጊዜ አንድ አፈ ልቅ ገበያ መሃል ነገራትና አስፋልት ላይ ወደቀች። ደም ግፊት አለባት። እኔ ነኝ ተሸክሜ ሐኪም ቤት የወሰድኳት። ዛሬ በስልክ አርድተህ ሁለት ሬሳ ልታሳቅፈኝ ነው?»

ልክ ነበሩ፤ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስለዚህ ቆሜ አዳመጥኳቸው። አዳመጥኳቸው ብቻ ሳይሆን ተባበርኳቸው። ድንኳን ከማን ዕድር እንደሚመጣ፣ እትዬን የሚይዙ ጠንካራ ሴቶች እነማን እንደሚሆኑ፣ ፎቶግራፉ ከግድግዳ የሚነሣው መቼ እንደሆነ ተማከርን። የሻሸመኔዋ እህት ምን ተብላ እንደምትጠራም ተስማማን፤ ዘነበች ትንሽ አሟታል ይባላል። ይህን ሁሉ ስናወራ ስልኩ እጄ ውስጥ ክፍት ነበር። እዚያ ማዶ ልጁ ይተነፍሳል። በሕይወት ላለ ሰው መርዶ አሰናዳን።

«ሲኞሬ፣ አሉ?» አለ ስልኩ።

ተመልሼ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩኝ።

«ተኝቷል» አልኳቸው። «መድኃኒት ሰጥተውት ተኝቷል።»

ፊታቸው ለሰለሰ። «ተኛ? እንግዲያማ ይተኛ። እዚያ በረሃ እንቅልፍ የት አግኝቶ። ላናግረው ፈልጌ ነበር፣ ግን ይተኛ። እንዳይቀሰቅሱት በላት።»

አስተርጓሚ ነኝና ይህን መተርጎም ነበረብኝ። መተኛት የሚለውን ግሥ ከናቲ ጋር ሆነን አርብተነዋል፤ እሱ የሆቴል ቃል ነው ብሎ ቀድሞኝ ያዘው። «እናቱ ይተኛ ይላሉ» አልኳት።

ሐኪሟ ጠየቀችኝ። «ነግረዋቸዋል?»

«አይ።»

«ለምን?»

በዚያ መጽሐፍ ወይን ማዘዝ ተምሬአለሁ፤ ጴንጤ ሆኜ። የባቡር ትኬት መቁረጥ፣ ሸሚዝ መለካት፣ ስለ አየሩ ሁኔታ መጨዋወት ተምሬአለሁ። መርዶ ምን እንደሆነ ለማስረዳት የሚሆን ግን አልነበረኝም። «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይነገርም፣ ነገ ጠዋት ሰዎች መጥተው ይነግሯቸዋል» አልኳት።

«ሲኞሬ፣ በእናንተ ዘንድ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ደክሟታል። «ነገ ጠዋት እዚህ የሚያናግሩት ሰው አይኖርም። ስልኩን ይዤ እስካሁን ቆሜአለሁ፤ ሌሎችም ሕመምተኞች አሉኝ። እናቱ ያናግሩታል ወይስ አያናግሩትም?»

እትዬ ዘነበች ፎቶግራፉን በነጠላቸው እየወለወሉ ነበር። ልጃቸውን ለማናገር ያላቸው ጊዜ በእኔ እጅ ነው ያለው፤ እሳቸው ግን አያውቁም፤ ተኛ ስላልኳቸው ደስ ብሏቸዋል። እውነት እላችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰን ጠላሁ፣ ሐኪሟንም ጠላሁ፣ ያን መጽሐፍ የገዛሁበትን ቀን ረገምኩ።

ስልኩን ላውድ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «አጭር አጭር አድርገሽ ለእሳቸው ተናገሪ፣ እኔ እተረጉማለሁ» አልኳት። ከዚያ እሳቸው እግር ሥር በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ቅድም ያልኩዎት ሙሉው አይደለም። ሐኪሟ የምትለውን አሁን እንዳለ እነግርዎታለሁ።»

ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ ደረሱ። «ቲቸር» አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። አልዞርኩም።

«ሲኞራ» አለች ሐኪሟ። የተናገረችው በአክብሮት ነበር፤ ያ መጽሐፉ ግራ ያጋባችኋል ያለው አነጋገር ነው። ከእንግሊዝኛ ብተረጉም ኖሮ እርስዎን እኔ መጨመር ነበረብኝ። ይህች ሴት ግን አይታቸው ለማታውቅ የአዳማ ባለ ሱቅ እርስዎ እያለች ነው የምትናገረው። ስለዚህ አንድም ሳልጨምር፣ አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

«ልጅዎ በጣም ተጎድቷል» አልኩ። «ማዳን አልቻልንም» አልኩ። «ዛሬ የሚያርፍ ይመስለኛል። አያመውም። ብቻውን አይደለም፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። ሊያናግሩት ከፈለጉ ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ።»

እትዬ ዘነበች አልወደቁም፣ አልጮኹም። የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ፤ ፎቶግራፉ ከጭናቸው ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። ሐኪሟን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት።

«ይሰማኛል?»

ጠየቅኳት። «እርግጠኛ አይደለሁም ትላለች።»

«ጆሮው ላይ ታድርግልኝ።»

ከወዲያ ማዶ አንዳች ነገር ተንኮሻኮሸ። ከዚያ የማሽን ድምፅ መጣ፤ እየሳበ የሚተነፍስ ማሽን። ሌላ ምንም የለም።

«ናቲ» አሉ። «ናቲ፣ እኔ ነኝ። ኢልማ ኮ፣ እኔ ነኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሱቅ ውስጥ ሆነው ልጃቸውን የሚጠሩ ያህል፣ በዕለት ድምፃቸው ተናገሩ። «ደርሰሃል አሉኝ። አገሩ ደርሰሃል። ሳትነግረኝ ስትሄድ ተቆጥቼ ነበር፣ አሁን አልተቆጣሁም። አልጋህን አላነሣሁትም፣ እንዳለ ነው። የላንጋኖ ጓደኞችህ ይጠይቁኛል፤ ደህና ነው እላቸዋለሁ። ቲቸርም እዚህ አለ። ጣልያንኛ ሲናገር ብትሰማው አንተ ትበልጠዋለህ።» አቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። «ብርድ ልብስ አልብሰውታል ወይ በላት።»

ጠየቅኩ። መልሱ ከሩቅ መጣ። «ተሸፍኗል» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ። ጎንበስ ብለው ስልኩን አፋቸው አጠገብ አደረጉና ጸለዩ። አንዱን በአማርኛ፣ አንዱን በኦሮምኛ፤ ብዙ ነገር አልለመኑም፣ ተቀበለው ብቻ ነው ያሉት። ጋሽ ታደሰ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። መጨረሻ ላይ እትዬ ዘነበች «በቃ አሁን ተኛ» አሉት። «ተኛ ኢልማ ኮ። እኔ አለሁ።»

ሐኪሟ ስልኩን መልሳ ያዘች። «መስማቱን አላውቅም፣ ልዋሽዎ አልችልም» አለች። «ስልኩ ግን ጆሮው ላይ ነበር።» ሲያበቃ የምትደውልበትን የእኔን ቁጥር ተቀብላ ዘጋች።

ጋሽ ታደሰ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። «ያልኩህን አልሰማህም» አሉ። «ከእንግዲህ እዚህ ግቢ እግርህን እንዳላይ።» እኔም ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ፈተናዎቹ ፊት ተቀመጥኩ፤ አንድም አላረምኩም።

ሐኪሟ ማምሻውን ደወለች። ናቲ አርፏል። ለጋሽ ታደሰ ደውዬ ነገርኳቸው፤ እሺ ብለው ዘጉት።

ጎህ ሲቀድ መርዶው መጣ። መጋቢው፣ ጋሽ ታደሰ፣ ከሻሸመኔ የደረሰችው እህታቸው፣ የዕድር ሰዎች፣ የሚይዙት ሴቶች፤ ሁሉም ድምፅ ሳያሰሙ በእግራቸው መጡ። ተከለከልኩም አልተከለከልኩም፣ ከኋላ ሆኜ ሄድኩ። የግቢው በር ክፍት ነበር። እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፍራሾቹን ራሳቸው አውጥተው በግድግዳው ሥር ዘርግተዋል፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ደርድረዋል።

«ግቡ እንጂ፣ ምን ያስቆማችኋል» አሉ።

መጋቢው የያዙት ቃል አፋቸው ውስጥ ቀረ። ሊይዟቸው የመጡት ሴቶች የሚይዙት አጥተው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። እህታቸው ጮኸች፤ እሳቸው ግን እሷን ያባብላሉ እንጂ አላለቀሱም። ሐዘንተኛዋ የማታለቅስበት ለቅሶ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይጠፋዋል። ጋሽ ታደሰ ከሕዝቡ መሃል ፈልገው አዩኝ።

ሬሳው አልመጣም፤ እዚያው ቀበሩት። ሰፈሩ ደግሞ ስም አወጣልኝ፤ በስልክ የሚያረዳው ይሉኛል። ለቅሶ ቤት ስገባ ቦታ የሚለቅልኝ ጠፋ። ጋሽ ታደሰ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ ሲያልፉ መንገድ ይሻገራሉ። አልፈርድባቸውም። እህታቸውን ከመውደቅ ለማዳን የሚያውቁትን ነው ያደረጉት።

ከርሞ ከርሞ አንድ ቀን በሱቃቸው ደጅ ሳልፍ እትዬ ዘነበች ጠሩኝ። በርጩማ ሰጡኝ። ከስተዋል።

«ወንድሜ አጥፍቷል ይልሃል» አሉ። «እኔ ከልጄ ጋር አውርቻለሁ። ይህን አንተ ነህ የሰጠኸኝ፣ አልክድም።»

ላመሰግናቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ያን ሌሊት ግን ብቻዬን ነበርኩ። መርዶ ስላልተነገረ ሰው አይመጣም። ወንድሜ ሰው ሊሰበስብ ወጣ። አንዳንድ ብቅ የሚለውም አላወቅኩ መስሎት ዓይኔን አያይም። እኔ ደግሞ አውቄአለሁ። ማልቀስ ፈልጌ ማን ፊት ላልቅስ? ሰው የሚሰበሰበው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጠዋት ሲመጡ ዕንባዬ አልቆ ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ነግረኸኝ የት ሄድክ?»

ጋሽ ታደሰ አባረውኝ ነው ልላቸው እችል ነበር። ተቀምጬ እጆቼን አየሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍኩት ፍርድ ልጠይቃችሁ አይደለም። ስንቱ ሰው ፈርዶብኛል፤ እናንተም ብትጨምሩበት አይከብደኝም። መንገር ነበረብኝ ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እናገራለሁ። ነገር ግን መርዶን እንደ ኋላ ቀር ልማድ የሚያጣጥል ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። አባቶቻችን ሞኞች አልነበሩም። ወሬውን ያዘገዩት ወሬውን ሊደብቁ ሳይሆን ሰውዬው ሲሰማው ብቻውን እንዳይሆን ነው። እኔ ወሬውን አድርሼ ሰውን አስቀረሁ። ጋሽ ታደሰ ሰውን አመጡ፤ ወሬው ግን ዘገየባቸው። ሁለታችንም ግማሽ ግማሹን ይዘን ለአንዲት እናት ጎደልንባት።

ለትምህርት ዕድሉ አላመለከትኩም። የከለከለኝ የለም፣ አልተነሣልኝም። ቋንቋውን ግን አልተውኩትም፤ ሊተወኝም አልቻለም። ያ ሆስፒታል ቁጥሬን ይዞታል። ሌላ የእኛ ልጅ ሲገባላቸውና አስተርጓሚ ሲያጡ ይደውሉልኛል። ሰኞም ይሁን ቅዳሜ፣ ክፍል ውስጥም ብሆን እወጣለሁ። መጽሐፉ ያላስተማረኝን ቃላት አሁን አውቃቸዋለሁ፤ ሳንባ፣ ቃጠሎ፣ አስከሬን፣ መቃብር። ወይን ማዘዝ ረስቻለሁ።

በቀደም አቦምሳ ወዳሉ አንዲት እናት ደወልኩ። ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደምደውል ነገርኳቸው። ከዚያ ሁልጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀውን ጠየቅኩ፤ «እናቴ፣ ከጎንዎ ሰው አለ?»

«የለም። ልጆቹ እርሻ ናቸው፣ ጎረቤቴም ገበያ ወጥታለች።»

«ሰው እስኪመጣ ልጠብቅዎት እችላለሁ።»

የሚተነፍሱት ይሰማኛል። «ልጄ፣ ድምፅህ እኮ ነግሮኛል» አሉኝ። «ንገረኝ። ለሰውም ቢሆን አንተ አለህ አይደል?»

«አለሁ» አልኳቸው።

ነገርኳቸው። ልጆቹ ከእርሻ እስኪመለሱ ስልኩን አልዘጋሁም።